አርማወር ሀንሰንና የበርገን መዝገብ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በጅማ መንገድ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሠፈር ከሚገኘው የአለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በአርማወር ሀንሰን ስም የተሰየመ የምርምር ተቋም አለ። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሰው ስሙን ሳያነብ አያልፍም፤ የስሙን ባለቤት ግን የሚያውቅ ብዙ አይደለም። ለተቋሙ ማሠሪያ ገንዘብ የሰጠ የውጭ አገር ባለጸጋ የሚመስለውም አይጠፋም። ሰውየው ሐኪም ነበሩ፤ ኢትዮጵያን በዓይናቸው አላዩም፤ ተቋሙ ከመቋቋሙም ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቀደም ብለው ሞተዋል።

የሕይወታቸው ታሪክ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም። አንድ መንግሥት አንድን በሽታ በመላ አገሩ በስም፣ በመንደርና በዓመት እየመዘገበ የተከታተለበት፣ በሆስፒታል ውስጥ የተኛን ሰው በሽታ እንዲይዘው መሞከር በፍርድ ቤት የተመረመረበት፣ ቤት የሌለው ድኻ ሕሙም የት ይደር የሚለው ጥያቄም በሕግ የተወሰነበት ታሪክ ነው። እንግዲህ መለካትንና መሥራትን ሙያችን ያደረግን እኛም የምንመረምረው ነገር አለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሀንሰን ጁላይ 29 ቀን 1841 በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው በበርገን የወደብ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋዴ ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ ካፈራቸው 15 ልጆች ስምንተኛው እሳቸው ነበሩ። የሕክምና ትምህርታቸውን ዛሬ ኦስሎ በምትባለው በክርስቲያኒያ ዩኒቨርሲቲ ተከታትለው በ1866 ተመረቁ። ጥቂት ጊዜም በሰሜን በሎፎተን ደሴቶች የዓሣ አጥማጆች ሐኪም ሆነው ከሠሩ በኋላ፣ በ1868 ወደ ተወለዱበት ከተማ ተመልሰው በሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተቀጠሩ።

በርገን በዚያ ዘመን በአውሮፓ የሥጋ ደዌ ጥናት ማዕከል ነበረች። ይህን ማዕረግ ያገኘችው በመታደል ሳይሆን በመከራ ነው። በሽታው ከአብዛኛው አውሮፓ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሲሆነው በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ በሚኖሩት ድኾች ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ዘንድ ግን እየበዛ ሄዶ ነበር። ከተማዪቱ ከ15ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የቆመ የቅዱስ ዮርገን ሆስፒታል ነበራት። ዮርገን የእኛው ጊዮርጊስ ነው። በ1849 ደግሞ የሉንገጎርድ ሆስፒታል ለምርምር ጭምር ተብሎ ተከፈተ። የዚህ ሆስፒታል መሪ ዳንየል ኮርኔሊየስ ዳንየልሰን ከባልደረባቸው ከካርል ቪልሄልም ቦክ ጋር በ1847 ስለ ሥጋ ደዌ ያሳተሙት መጽሐፍ የበሽታውን መልክና ምልክት አጥርቶ በመግለጥ በዓለም የታወቀ ነበር።

ዳንየልሰን ሥጋ ደዌ በዘር የሚወርድ በሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በሽታው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በአባትና በልጅ፣ በእኅትና በወንድም ላይ ሲደጋገም ይታይ ነበር። ከዚህም በላይ ከሕሙማን አካል የተወሰደውን ነገር በራሳቸውና በሆስፒታሉ ሠራተኞች ሰውነት ላይ ወግተው ሞክረው አንዳቸውም አልታመሙም። ይህ እምነት የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። በአገራችንም ሊነጋጋ ሲል በየደጃፉ እያዜሙ የሚለምኑት ላሊበላዎች ዜማቸውን ቢተዉ በሽታው ይይዛቸዋል የሚለው አስተሳሰብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድ ኖሯል። ለጋብቻ ዘር ሲቈጠርም በመጀመሪያ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። የበርገኑ ሊቅና የእኛ አገር ሽማግሌ ሳይተዋወቁ በአንድ ሐሳብ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ሀንሰን ወደዚህ ሥራ ሲገቡ ከማይክሮስኮፑ ይልቅ የሚበልጥ አንድ መሣሪያ ተዘጋጅቶ ጠብቋቸዋል። ይኸውም መዝገብ ነው። የኖርዌይ መንግሥት በ1856 በአገሩ ያሉትን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሁሉ የሚይዝ ብሔራዊ መዝገብ እንዲቋቋም አዘዘ። በአንድ በሽታ ስም የተቋቋመ ብሔራዊ የሕሙማን መዝገብ በዓለም የመጀመሪያው ይህ እንደ ሆነ ይነገርለታል። የወረዳ ሐኪሞች እያንዳንዱን ሕሙም በስሙ፣ በዕድሜው፣ በሚኖርበት የእርሻ መንደር፣ በሽታው በጀመረበት ዘመንና በሥጋ ዘመዶቹ እየለዩ ይመዘግባሉ፤ በየዓመቱም ማን እንደ ሞተ፣ ማን ሆስፒታል እንደ ገባ፣ ማን ወደ አሜሪካ እንደ ተሰደደ ያስታውቃሉ። አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ በነበረው አገር በመዝገቡ መጀመሪያ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሕሙም ተገኘ።

ከወንዝ ዳር የተተከለ የውኃ ከፍታ መለኪያን የሚያነብ ሰው በአንድ ቀን ንባብ ምንም አይማርም፤ የሃያ ዓመት ንባብ ሲጠራቀም ግን ወንዙ ጠባዩን ይገልጣል። የበርገን መዝገብም እንደዚሁ ነው። ሀንሰን አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ የተጠራቀመውን ቍጥር ወረዳን ከወረዳ እያነጻጸሩ ሲመረምሩት፣ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ወደ ሆስፒታል በገቡባቸው ወረዳዎች አዲስ የሚታመመው ሰው ቍጥር ቀድሞ እንደ ቀነሰ አስተዋሉ። በሽታው በዘር ብቻ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ሕሙማኑን መለየት አዲስ ሕሙም የሚመጣበትን ፍጥነት እንዲህ ባልለወጠው ነበር። ስለዚህ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ወደሚለው ሐሳብ ያደረሳቸው የማይክሮስኮፕ ዕይታ ብቻ ሳይሆን የቍጥር ንባብ ጭምር ነው። የታሪክ መጻሕፍት ማይክሮስኮፑን አጉልተው መዝገቡን ማሳነሳቸው፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ሚዛኑን የሳተ ነው።

በ1870 ሀንሰን በተሰጣቸው የትምህርት ድጎማ ወደ ቦንና ወደ ቪየና ሄደው የማይክሮስኮፕ ሥራ ተማሩ። በዚሁ ጉዞ የዳርዊንን ሐሳብ አገኙ፤ ከዚያ በኋላም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የዚሁ ሐሳብ ጽኑ ደጋፊ ሆነው ኖሩ። ወደ በርገን ሲመለሱ የአለቃቸውን ትምህርት የሚጠራጠሩ ሰው ነበሩ። የሚያስገርመው ይህ ጥርጣሬ ሁለቱን አላጣላቸውም። በ1873 መጀመሪያ የዳንየልሰንን ልጅ አገቡ።

በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ቀን፣ ከአንድ ሕሙም የቆዳ ዕባጭ በወሰዱት ፈሳሽ ውስጥ ዘንግ መሰል ጥቃቅን አካላትን በማይክሮስኮፕ አዩ። ቀለም የማስያዝ ጥበብ ገና አልዳበረም ነበርና ያዩት ነገር ደብዘዝ ያለ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1874፣ ጥናታቸውን በኖርዌይ የሕክምና መጽሔት ሲያወጡ እነዚህ አካላት የበሽታው መንሥኤ ናቸው ብለው በድፍረት አልተናገሩም፤ በጥንቃቄ ነበር የጻፉት። ሮበርት ኮኽ የአንትራክስን ባክቴሪያ ሥራ ያወጡት በ1876፣ የሳምባ ነቀርሳን ደግሞ በ1882 መሆኑ ሲታሰብ፣ ሥር የሰደደ የሰው በሽታን ከባክቴሪያ ጋር በማያያዝ ሀንሰን ከቀዳሚዎቹ ዘንድ መሰለፋቸው ይታያል። ዓመቱ ግን በደስታ አልተፈጸመላቸውም። ባለቤታቸው በተጋቡ በአሥር ወራቸው በሳምባ ነቀርሳ ሞቱ። በ1875 ሌላ ጋብቻ መሥርተው አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ በዚሁ ዓመትም የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ጉዳይ ዋና ሐኪም ሆነው በመንግሥት ተሾሙ። መዝገቡም በእጃቸው ገባ።

በ1879 አልበርት ናይሰር የሚባል የ24 ዓመት ጀርመናዊ ሐኪም ወደ በርገን መጣ። ሀንሰን በእንግድነት ተቀብለው ከሕሙማን የተወሰደ ናሙና ሰጡት። ወጣቱም ወደ ብሬስላው ተመልሶ የተሻለ ቀለም በመጠቀም ባክቴሪያውን አጥርቶ ካየ በኋላ ግኝቱን የራሱ አድርጎ አሳተመ። ሀንሰንም በ1880 ሥራቸውን በልዩ ልዩ ቋንቋዎች አውጥተው የቀዳሚነት መብታቸውን አስከበሩ። ዛሬ ዓለም ግኝቱን ለሀንሰን፣ ግልጽ ያለውን የቀለም ሥራ ለናይሰር ይሰጣል። ይህ ክርክር ብዙ ተጽፎበታል፤ በዚያው ወራት ከተፈጸመው ከሌላው ነገር ጋር ሲነጻጸር ግን የሚያሳስብ አይደለም።

ሀንሰን የጎደላቸው ማስረጃ ነበር። ባክቴሪያው ከሰው አካል ውጭ በላቦራቶሪ አልራባ አላቸው፤ ጥንቸልም ሌላ እንስሳም ወግተው ሞከሩ፣ አልሆነም። ይህ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ድረስ በላቦራቶሪ ገበታ ላይ ማርባት አልተቻለም፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ከሰውም የሚበዛው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። ሀንሰን ይህን አላወቁም። በኖቬምበር 1879 ከበርገን የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች በአንዱ የተኛች የ33 ዓመት ሴት ሕሙም ወደ ክፍላቸው አስጠሩ። ሴትየዋ የያዛት ቀለል ያለው፣ ነርቭን የሚያደነዝዘው የበሽታው ዓይነት ነበር። እሳቸውም ከባዱ ዓይነት ከያዘው ከሌላ ሕሙም የተወሰደ ነገር በነካ የዓይን መቅደጃ መሣሪያ ዓይኗን ወጉ። ምን እንደሚያደርጉ አልነገሯትም፤ ፈቃዷንም አልጠየቁም። ከባዱ ዓይነት በዓይኗ ላይ ቢወጣ በሽታው ተላላፊ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆናል ብለው ነበር።

ሴትየዋ ሕመም ተሰማት፤ ዝም ግን አላለችም። አቤቱታዋ በሆስፒታሉ ቄስ በኩል ለባለ ሥልጣኖች ደረሰ፤ ጉዳዩም በፍርድ ቤት ታየ። ሀንሰን የሠሩትን አልካዱም። ፈቃድ ያልጠየቁት ሕሙማን የሙከራውን ጥቅም ሐኪሙ በሚያይበት ዓይን ያያሉ ብለው ስላልገመቱ እንደ ሆነ አስረዱ። ይህ ማስረጃ ራሱ ክሱን የሚያጸና መሆኑን አላስተዋሉትም ይመስላል፤ እንቢ ትላለች ብሎ የፈራ ሰው እንቢ የማለት መብት እንዳላት ያውቃልና። ፍርድ ቤቱ በ1880 በሜይ ወር መጨረሻ በሆስፒታሉ ከነበራቸው የሐኪምነት ሥራ እንዲሰናበቱ ፈረደ። የመላ አገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነት ሹመታቸው ግን አልተነካም። ሙከራውም ቢሆን አልተሳካም፤ በሴትየዋ ዓይን ላይ የተጠበቀው ዕባጭ አልወጣም።

ሆስፒታል ሰው ያላመጣውን ደዌ ይዞ የሚወጣበት ቦታ እንዳይሆን ዛሬ መንግሥታት መመሪያ ያወጣሉ፤ ተቈጣጣሪም ይልካሉ። የቸልተኝነት ጥፋት በቍጥጥር ይቀንሳል። የበርገኑ ግን ቸልተኝነት አልነበረም፤ አስቦ የተደረገ ነው፤ ያደረገውም ራሱ የመንግሥት ተቈጣጣሪው ነው። በአገሩ ያለውን እያንዳንዱን ሕሙም በስም የመዘገበው ሥርዓት ይህን ድርጊት አላየውም። ያየችው አንዲት ታማሚ ናት፤ ወደ አደባባይ ያወጣውም አንድ ቄስ ነው። ሀንሰንን ያመሰገኑ ጸሐፊዎች ይህን ምዕራፍ በአንድ መስመር ሲያልፉት አያለሁ። አንዳንዶቹም የዘመኑ ልማድ ነበር ብለው ይቅርታ ያደርጉላቸዋል። የዘመኑ ፍርድ ቤት ግን ልማድ ነው አላለም።

ከሹመታቸው ያልተነሡት ዋና ሐኪም ዓይናቸውን ወደ ሕግ መለሱ። በኖርዌይ ገጠር ቤትና ዘመድ የሌለው ድኻ በየተራ በየገበሬው ቤት እያደረ የሚጦርበት የቆየ ልማድ ነበር፤ ጥቂት ቀን ከአንዱ፣ ጥቂት ቀን ከሌላው። የሥጋ ደዌ ያለበት ድኻም በዚሁ ሥርዓት ይዘዋወራል። ለሀንሰን ይህ ማለት በሽታውን በደብሩ ወዳለው ቤት ሁሉ በተራ ማዳረስ ነው። በ1877 የወጣው ሕግ ይህን ዓይነቱን ጡር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን አስቀርቶ፣ ድኾቹ በመንግሥት ተቋማት እንዲጦሩ አደረገ። በ1885 የወጣው ሕግ ደግሞ ከድኾቹ አልፎ ሁሉንም የሚመለከት ሆነ፤ በቤቱ የሚቀመጥ ሕሙም የራሱ ክፍል፣ የራሱ አልጋ፣ የራሱ የመብል ዕቃ ሊኖረው ይገባል፤ ይህን ያላሟላ ወደ ሆስፒታል እንዲገባ ይታዘዛል፤ ካልፈቀደም በግድ ይወሰዳል። የሰው ነጻነት ተነካ የሚል ብርቱ ክርክር በዚያው ጊዜ ተነሥቶ ነበር።

የሕጉን አሠራር ልብ ብሎ ላየው፣ ነጻነትን ከእስራት የለየው የበሽታው ክብደት ሳይሆን የቤቱ ስፋት ነው። ትርፍ ክፍል ያለው ገበሬ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል፤ በአንዲት ክፍል ከስምንት ሰው ጋር የሚያድረው ዓሣ አጥማጅ ወደ በርገን ይላካል። ሀንሰን ሕጉን ለዘብተኛ ነው ይሉት ነበር፤ በሌሎች አገሮች ሕሙማንን ሁሉ ሳይለይ በደሴት ከሚያግዘው ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር እውነትም ለዘብ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ለዚያ ዓሣ አጥማጅ አንድ ክፍል ማሠራት ከዕድሜ ልክ ጡር ይልቅ ይረክስ እንደ ሆነ የተሰላ ሒሳብ አላጋጠመኝም።

በእኛም ከተማ ነገሩ በሌላ መልክ ታይቷል። በ1934 በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲቋቋም ቦታው ከከተማው ውጭ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡት ሕሙማን ከዳኑ በኋላ የሚመለሱበት ቤት አልነበራቸውም፤ ዘመድ ይሸሻቸዋል፣ መሬታቸውን ሌላ ይዞታል። እነሱም በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ እየቀለሱ ቀሩ። ማንም በሕግ አላገዛቸውም፤ ቤት ማጣት ግን የሕግን ሥራ ሠራ። በኋላም ከተማው ወደ እነሱ መጣ፤ ቆሻሻውንም ከሠፈራቸው አጠገብ ደፋ። ማርች 11 ቀን 2017 የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የሞቱት ሌላ መጠጊያ ስላጡ ከክምሩ ሥር የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ስለ ክምሩ ተዳፋትና ስለ ውኃው ማፋሰሻ የሚጻፈው ለእኛ ለመሐንዲሶች ነው።

በኖርዌይ የሕሙማኑ ቍጥር እየቀነሰ ሄዶ በ20ኛው ምዕት ዓመት መግቢያ ላይ ከ600 በታች ደረሰ። ሀንሰን ይህን የሕጋቸው ፍሬ አደረጉት። ከእሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች መዝገቡን እንደገና አንብበው፣ የቤትና የምግብ መሻሻል፣ የስደትም ብዛት ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ሲከራከሩበት ቆይተዋል። መዝገቡ እሳቸውንም ለመተቸት የሚያስችል ሆኖ መጠበቁ የጥራቱ ምስክር ነው።

በ1888 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሚኒሶታ፣ በዊስኮንሲንና በዳኮታ የሰፈሩትን ኖርዌያውያን ጎበኙ። የፈለጉት የስደተኞቹን ሕሙማን ልጆችና የልጅ ልጆች ነበር፤ ከእነዚህ በሽታው የታየበት አላገኙም። ዘር ውቅያኖስ ተሻግሯል፤ በሽታው ግን ሰፊ ቤትና የተለየ አልጋ ካለበት አልተከተለውም ሲሉ ደመደሙ። በ1897 በበርሊን የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ የኖርዌይን መንገድ ተቀበለ፤ በ1909 ሁለተኛው ጉባኤ በራሷ በበርገን ተካሂዶ ሀንሰን በሊቀ መንበርነት መሩት። ከዚያ አስቀድሞ በ1901፣ 60 ዓመት ሲሞላቸው፣ በሕይወት እያሉ ሐውልት በበርገን ሙዚየም አጸድ ቆሞላቸዋል።

የሚያድን መድኃኒት ግን አላዩም። ዳፕሶን የተባለው መድኃኒት ሥራ ላይ የዋለው እሳቸው ከሞቱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። እሱም ብቻውን ሲሰጥ ባክቴሪያው እየለመደው እንደ ሄደ ካሳዩት ጥናቶች መካከል በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ፣ በአለርት የተደረጉት ይገኙበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በአንድነት እንዲሰጡ የወሰነው እንዲህ ያለውን ማስረጃ ተመልክቶ ነው። ዛሬ ሕሙሙ በስድስት ወይም በአሥራ ሁለት ወር ይድናል፤ መድኃኒቱንም ያለ ክፍያ ያገኛል። በአገራችን አሁንም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ።

ሀንሰን የልብ ሕመም ይዟቸው ሳለ የቍጥጥር ጉዟቸውን አላቋረጡም። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1912 ከበርገን በስተሰሜን በምትገኘው በፍሎሮ ከተማ በጉዞ ላይ እንዳሉ በ70 ዓመታቸው ሞቱ። በቅዱስ ዮርገን ሆስፒታል የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሕሙማን እስከ 1946 ኖሩ። አለርት በ1965 የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ሆኖ በዘነበወርቅ ከተቋቋመ በኋላ፣ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች በ1970 በዚሁ ግቢ ያቋቋሙት የምርምር ተቋም በሀንሰን ስም ተጠራ። የበርገን የሥጋ ደዌ መዛግብት በ2001 በዩኔስኮ የዓለም የጽሑፍ ቅርስ ውስጥ ተመዝግበዋል፤ የሕሙማኑ ስም፣ የመንደራቸው ስምና ሆስፒታል የገቡበት ቀን እስከ ዛሬ ከነቅደም ተከተሉ ይነበባል።